ዋጋው የማይወርደው አሮጌ መኪና፦ ከጂንካ ሲታይ

ድሮ፣ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው «ስንት ሄዷል?» ብሎ የሚጠይቀው ላለመግዛት ምክንያት ሲፈልግ ነበር። ቆጣሪው 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ካለፈ ደላላው ራሱ አፍሮ ወደ ሌላ መኪና ይወስደው ነበር። ዛሬ በደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ውስጥ ይኸው ጥያቄ የሚነሳው ገዥው ከወሰነ በኋላ፣ ምናልባት ጥቂት ብር ቢያስቀንስ ተብሎ ነው። ሻጩም አይደነግጥም። 400 ሺህ የተነዳ ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘሩን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ሌላ ካገኘህ እዚያው ግዛ ይላል። ሌላ እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ ገዥውም ያውቃል።

መኪና ብዙ በተነዳ ቁጥር ዋጋው መውረድ ነበረበት። እኛ ዘንድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ነገር መሥራት አቁሟል። ለምን እንዳቆመ ሳይገባው ገበያ የሚወጣ ሰው ወይ ቁጥሩን አይቶ ይገዛል፣ ወይ ቁጥሩን አይቶ ይተዋል። ሁለቱም አያዋጣውም፤ ደቡብ ኦሞ ላይ ደግሞ ጭራሽ አያዋጣውም።

ነገሩ የሚጀምረው የካቲት 2012 ላይ ነው። ከዚያ በፊት የመኪና ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላው በሞተሩ መጠን ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ጉምሩክ በበኩሉ ለዕድሜው ከዋጋው ላይ ይቀንስለት ስለነበር ያረጀ መኪና ያስገባ ሰው የሚከፍለው ቀረጥ ያንስ ነበር። አስመጪውም ስሌቱን አውቆ አሮጌውን ያመጣ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይህን ገለበጠው። አዲስ ትንሽ መኪና 5 በመቶ ብቻ እንዲከፍል ሲደረግ፣ ያገለገለው ባረጀ ቁጥር እየተጨመረበት እስከ 500 በመቶ ደረሰ። የአየር ብክለት፣ የትራፊክ አደጋ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፤ የተሰጡት ምክንያቶች የሚያከራክሩ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ በሩ እየጠበበ ሄደ። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲወሰን አውቶሞቢል ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በባንክ ብድር መኪና እገዛለሁ ብሎ ሲያሰላ ለነበረው ደመወዝተኛ ተስፋው ራቀ። ጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

እነዚህን ውሳኔዎች በየተራ ሲያዩአቸው እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማንም ያላሰበውን ሠሩ። አሮጌ መኪና በድንበር እንዳይገባ ከለከሉ፤ ግቢው ውስጥ የቆመው ግን እንዲያረጅ ፈረዱበት። አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ፣ አምና 300 ሺህ የሄደው ዘንድሮ 320 ሺህ ሆኖ እዚያው ይሸጣል፤ የሚተካው የለማ። በላዩ ላይ የብሩ አቅም ሲዳከም መኪና የቁጠባ ደብተር ሆነ። ሰው መኪናውን የሚሸጠው ሌላ መኪና የሚገዛበትን ብር ለማግኘት ነው፤ ስለዚህ ከሌላው መኪና ዋጋ በታች አይወርድም። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያማርር ቢያንስ አማራጭ አለው፤ ታክሲ አለ፣ ባቡር አለ፣ ጎረቤቱ የገዛው የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ጂንካ ከዋና ከተማው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አዲስ አበባ ላይ ያረጀ ቶዮታ ቪትዝ፣ ሃዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ላይ የሠራ ሚኒባስ፣ ቀለም ተቀብቶ ወደ ታች የሚወርደው ወደዚህ ነው። በእያንዳንዱ እርከን ደላላ አለ፣ በእያንዳንዱ እርከን ታሪኩ ትንሽ ይጸዳል። ጂንካ ሲደርስ «አንድ ሐኪም የነዳው» ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ቆጣሪው ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ቆጣሪ መመለስ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ሆኖ ሳለ፣ የአገሪቱ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በዓመት ከ450 ሺህ በላይ መኪና በሐሰት ቁጥር እንደሚሸጥ ይገምታል። እነሱ ዘንድ መኪናው በሄደበት ሁሉ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ እኛ ዘንድ ገዥው ገልጦ የሚያየው እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። የድሮው ባለ ጥርስ ቆጣሪ በመፍቻ ይመለስ ነበር፤ የአሁኑ ዲጂታል በኮምፒውተር በደቂቃዎች ይቀንሳል። ከሻጩ ጋር ከመከራከር ይልቅ ማካፈል ይሻላል። 15 ዓመት የሠራ መኪና 300 ሺህ ቢል በዓመት 20 ሺህ ነው፤ የሚታመን ነው። 18 ዓመት የሞላው 90 ሺህ ቢል በዓመት 5 ሺህ ነው፤ ወይ ለዓመታት ቆሞ ጎማውና ማኅተሙ ሁሉ ደርቋል፣ ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እኔ መምረጥ አልችልም።

ቪትዝን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቶዮታ በዚያ ስም የሸጠው ለጃፓን ገበያ ነው፤ ለአውሮፓና ለብዙው ዓለም ያው መኪና ያሪስ ይባላል። ጃፓኖች በግራ መንገድ ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ ከሰኔ 1956 ጀምሮ የምንነዳው በቀኝ መንገድ ነው። ስለዚህ ከኋላው ቪትዝ የሚል የፋብሪካ ጽሑፍ እያለበት መሪው በግራ የሆነ መኪና፣ አንድ ቦታ ላይ መሪው ተነቅሎ ተዛውሯል፤ ዳሽቦርዱም አብሮ ወርዷል። ዳሽቦርዱ የወረደ መኪና ቆጣሪው አልተነካም የሚለኝን ሰው በትዕግሥት እሰማዋለሁ፣ አላምነውም።

ቁጥሩ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ያኔም ደቡብ ኦሞ ላይ ብዙ አይነግርም። ኪሎ ሜትር ሁሉ አንድ አይደለም። ከኮንሶ ተነስቶ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ የሚገባው አስፋልት ላይ መኪና በሰዓት 60 እየሄደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዳ ሞተሩ የሠራው 1,700 ሰዓት ያህል ነው። ያንኑ 100 ሺህ በማጎ ፓርክ ጭቃ፣ ወይም ቱርሚ አጠገብ በካስኬ ወንዝ አሸዋ ላይ በሰዓት 20 እየተንፏቀቀ ቢሄደው 5,000 ሰዓት ይሆናል። ቆጣሪው ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይጽፋል። ሞተሩ ግን ሦስት እጥፍ ሠርቷል፤ ፍሪሲዮኑ በአሸዋው ተቃጥሏል፣ ባሌስትራው ተጣሟል፣ ቀዩ አቧራ በአየር ማጣሪያው አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። አስፋልት ላይ 300 ሺህ የሄደ፣ ዘይቱ በሰዓቱ የተቀየረለት መኪና ጠጠር ላይ 120 ሺህ ከሄደው ይልቅ ወጣት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ያለማመንታት የመጀመሪያውን እገዛለሁ።

ጂንካ ላይ ለሽያጭ የሚቀርቡት መኪኖች በታሪካቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ የአስጎብኚ መኪና ነው። ቱሪስት ይዞ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ ሲመላለስ የኖረ ነው፤ ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ዲመካ። ኪሎ ሜትሩ ሰማይ ነክቷል፣ ግን አብዛኛው የረጅም መንገድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሾፌሩም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ቱሪስት ይዞ መቆም ስለማይፈልግ ለመኪናው ይሳሳል። በ2012 ኮሮና፣ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት ቱሪስቱን ሲያጠፋው የቆሙ መኪኖች ግን ሌላ ናቸው። ለወራት ቆሞ ከርሞ ባትሪ ተቀይሮለት የተነሳ መኪና መታየት ያለበት ከተነዳው በላይ በጥንቃቄ ነው።

ሌላው የመሥሪያ ቤት ወይም የዕርዳታ ድርጅት መኪና ነው፤ በጨረታ «ባለበት ሁኔታ» ይሸጣል። እነዚህ መጀመሪያ ሲገዙ አዲስ ነበሩ፤ በወጉ ሰርቪስ የተደረጉም አሉ። ችግሩ ብዙ እጅ ነው። በአንድ መኪና አምስት ሾፌር፤ የአንዱም ንብረት አይደለም። በወይጦ ሙቀት ውስጥ ስብሰባው እስኪያልቅ ኤሲ ተከፍቶ ለሰዓታት ሲንዶቀዶቅ የቆመ መኪና ለዚያ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልመዘገበም። ሦስተኛው ከከተማ የወረደው ትንሽ አውቶሞቢል ነው፤ ስለ እሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጂንካ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ይበቃል፣ ከአስፋልት ለሚወጣ አይበቃም።

የሞተሩ ዓይነት ከኪሎ ሜትሩ በላይ ይከብዳል። በሃርድቶፖቹ ውስጥ ያለው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ኮምፒውተር የለውም፤ ናፍጣው የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ ዳገት ላይ ያዘግማል፣ ግን ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዶ ሳይከፈት የሚገኝ ሞተር ነው። ሲታመምም ጂንካ ያለ መካኒክ በጆሮው ያውቀዋል። ከእሱ በኋላ የመጡት የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች የበለጠ ጉልበትና ያነሰ ፍጆታ አላቸው፤ ነገር ግን መርጫቸው በከፍተኛ ግፊት የሚሠራና በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ ቆሻሻ ናፍጣ አይችሉም። ማደያ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን ገዝቶ የሚሞላ ሰው፣ በደቡብ ኦሞ ይህን ያላደረገ ጥቂት ነው፣ እነዚህን መርጫዎች በአንድ ክረምት ይጨርሳል። ስለዚህ 180 ሺህ የሄደ ሃይሉክስ እና 420 ሺህ የሄደ ሃርድቶፕ በአንድ ዋጋ ቢቀርቡልህ፣ ቁጥሩ ወደ አንዱ፣ ኑሮህ ወደ ሌላው ይጎትትሃል። ከማደያ ርቆ የሚሠራ ሰው ኑሮውን ይስማ።

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። መኪናው መታየት ያለበት ማለዳ፣ ሞተሩ እንደ በረደ ነው። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ ካሞቀው፣ ኮፈኑን በእጅ ነክቶ ማወቅ ይቻላል፤ ሞቆ ካገኘኸው ሂድና ነገ ተመለስ። ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ሆኖ ካልጠፋ ውኃ ወደ ሲሊንደር ይገባል፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ሄዷል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን መክደኛ ፈትቶ ማንሳት ነው። ጤነኛ ሞተር በቀስታ ይተነፍሳል፤ ፋሻው ያለቀበት እንደ ፈላ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ እየታየ ቆጣሪው 80 ሺህ ካለ አንደኛው ይዋሻል፤ ፔዳል ደግሞ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። የመቀመጫ ቀበቶው ግርጌ ያለው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ዓመት ይገኛል፤ ከሊብሬው ዓመት ጋር ይመሳከር። መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለው ምልክት ከአንዱ በር ወደ ሌላው ከተለያየ አንድ ቀን ተገልብጦ ወይም ተገጭቶ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ ከብረቱ ላይ ይነበብ እንጂ ከወረቀት ላይ አይነበብ።

ሙከራው ደግሞ በጂንካ ዋና መንገድ ላይ ደርሶ መመለስ አይደለም። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የተሻለ ፈታኝ ነው። ሲወርድ ፍሬኑ እየሞቀ ይለሰልስ እንደሆነ ይታያል፤ ታች ሜዳው ላይ ያለው ሙቀት ራዲያተሩን ያስጨንቀዋል፤ ሲመለስ ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌው ከግማሽ ካለፈ የራዲያተር ወይም የቴስታታ ወጪ አለ። ሻጩ ነዳጅ የለም ካለ ነዳጁን አንተ ግዛ። በ2017 አጋማሽ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፎ ነበር፤ ቢሆንም ለዚህ ጉዞ የሚቃጠለው ነዳጅ በዚህ ግዢ ውስጥ ርካሹ ወጪ ነው።

ወጪን ካነሳን፣ የብዙ ገዥ ስህተት ያለውን ሁሉ ለሻጩ መስጠቱ ይመስለኛል። ኪሎ ሜትሩ የገፋ መኪና የሚገዛው በሁለት ክፍያ ነው፤ አንዱ ለሻጩ፣ ሌላው በመጀመሪያው ዓመት ለጋራዥ። በእኔ ግምት ከያዝከው ብር አንድ አምስተኛው መነካት የለበትም። ሃርድቶፑ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር የታይሚንግ ቀበቶ አለው፤ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ካላወቀ አልተቀየረም ብሎ ማሰብ ነው፣ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳልና። አምስት ጎማ፣ አሞርዛቶር፣ ቡሽ፣ የራዲያተር ጽዳት ይከተላሉ። ዕቃው የሚመጣው ከመርካቶ፣ ብዙ ጊዜ ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ነው። ስህተት የሆነ ዕቃ ከመጣ ተመልሶ እስኪለወጥ መኪናው በጋራዡ ደጅ ላይ ሳምንት ይቆማል። ይህ የቆመበት ሳምንት ለአስጎብኚው የጠፋ ቱሪስት፣ ለነጋዴው ያለፈ ገበያ ነው፤ ማንም ግን ሲዋዋል አይቆጥረውም። ነዳጁም እንዲሁ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር የሚበላ መኪና አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ከ180 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ሊትሩ በ100 ብር ቢሰላ እንኳ አንድ ደርሶ መልስ ከ18 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ዘይትና ጎማ ሳይጨመር።

ወረቀቱን ለመጨረሻ የሚያቆዩ አሉ፤ እኔ መጀመሪያ ላይ አድርጌው ባስበው እመርጣለሁ። ለአስጎብኚ ድርጅቶች የገቡ መኪኖች ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው፤ የዕርዳታ ድርጅቶቹም እንዲሁ። እንዲህ ያለ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ዋጋው ከሌላው ረከስ ብሎ የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ርካሽ የመሰለው ልዩነት ጉምሩክ ላይ ይጠብቅሃል። ሻጮች ስም ማዛወሩን ለማስቀረት «በውክልና ያዘው» ይላሉ። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ያበቃል፤ ወራሾቹ መጥተው መኪናው የአባታችን ነው ሲሉ መልስ ይጠፋል። ከመዋዋል በፊት ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት ማጣራት፣ ውሉንም ውልና ማስረጃ ፊት መፈራረም፣ ይኸው ነው።

እነዚህን ሁሉ አልፎም መግዛት የሌለበት ሰው አለ። ከአሪ ገጠር ቡናና ኮረሪማ ሰብስቦ ለጂንካ የቅዳሜ ገበያ የሚያወርድ ነጋዴ በሳምንት የሚጭነው አንድ ቀን ከሆነ፣ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ስድስት ቀን ከሚያቆም የአይሱዙ ኪራይ ቢከፍል ያተርፋል። መኪና የሚያዋጣው በሚሠራባቸው ቀኖች ብዛት ነው። መኪናውን ዋጋው ሲጨምር እሸጠዋለሁ ብሎ የሚገዛም አለ፤ ባለፉት ዓመታት ይህን ያደረገ ሰው አልተሳሳተም፣ ዋጋው መጨመሩን መቀጠሉን ግን እጠራጠራለሁ።

የምጠራጠረው በኤሌክትሪክ መኪናው ምክንያት ነው። የነዳጁ መኪና በር ሲጠብ ለእሱ ኤክሳይዝ ተነሳለት፤ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ ፈርሶ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ ተደረገ። አዲስ አበባ ላይ የትንሽ ቤንዚን መኪና ገዥ ሆኖ የኖረው ሰው ወደዚያ እየሄደ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ፣ ያገለገለውም ገበያ እየወጣ ሲሄድ፣ ቪትዝና ያሪስ እንዲህ ውድ ሆነው የሚቀጥሉበት ምክንያት ይሳሳል። ዛሬ ጂንካ ላይ 280 ሺህ የሄደ ቪትዝ በአዲስ አበባ ዋጋ የሚገዛ ሰው፣ የሚወርደው ዋጋ የሚያርፈው በእሱ ላይ ሊሆን ይችላል። ሃርድቶፑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወዲህ ቻርጅ አገኛለሁ ብሎ ተማምኖ የሚነሳ ሾፌር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሙቀቱ የባትሪን ዕድሜ በሚያሳጥርበት፣ ከኦሞራቴ ማዶ አስፋልት በሚያልቅበት አገር እሱን የሚተካ የኤሌክትሪክ መኪና በቅርቡ አይመጣም። ስለዚህ ሁለቱ አሮጌ መኪኖች ዛሬ በአንድ ገበያ ቢቆሙም ከአምስት ዓመት በኋላ ዕጣቸው አንድ አይሆንም፤ 420 ሺህ የሄደው ገዥ ያገኛል፣ 280 ሺህ የሄደው ይጠብቃል።